ቦይለራችሁ ስላንጠባጠበ ቫልቩን አታስደፍኑ

አዲስ አበባ ላይ ውሃ በፈረቃ መምጣቱ ዜና መሆኑ ቀርቷል። ብዙም የማይወራው ፈረቃው ቤታችን ያለውን የሙቅ ውሃ መስመር ምን እንደሚያደርገው ነው።

ኮንዶሚኒየም ላይ የተለመደውን እንይ። ቤቱን ስትረከቡ ቦይለር የለውም። በኋላ ገዝታችሁ የሰፈር ቧንቧ ሠራተኛ ትጠራላችሁ። ገጥሞ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ከሱ በኋላ "በትክክል ተገጥሟል ወይ?" ብሎ የሚያይ የለም።

ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ቦይለሩ በሚገባበት በኩል የምትገጠም ትንሽ ዕቃ አለች፤ ሴፍቲ ቫልቭ። ሁለት ሥራ አላት።

አንደኛ፣ ግፊት ታስተነፍሳለች። ውሃ ሲሞቅ መጠኑ ይጨምራል። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ቫልቯ የምታንጠባጥበው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ውሃ ሲጠፋ የቦይለሩ ሙቅ ውሃ ወደ ቀዝቃዛው መስመር እንዳይመለስ ትዘጋለች።

እኛ ግን ስታንጠባጥብ "ተበላሸች" ብለን እናስነቅላታለን ወይ እናስደፍናታለን። ከተነቀለች፣ ውሃ በጠፋ ቀን ቀዝቃዛውን ቧንቧ የከፈተ ልጅ እጅ ላይ ትኩስ ውሃ ሊመጣ ይችላል። ከተደፈነች ደግሞ ቴርሞስታቱ የተበላሸ ቀን ግፊቱ መውጫ ያጣል፤ ታንኩ እስከመፈንዳት ሊደርስ ይችላል።

ሌላው ጉዳይ ሙቀቱ ነው። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ የአዋቂን ቆዳ ክፉኛ ለማቃጠል 5 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። በ49 ዲግሪ ግን ደቂቃዎች ይወስዳል። የልጆች ቆዳ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይጎዳል። "ታዲያ ቦይለሩን ዝቅ እናድርገው?" ካላችሁ፣ ለብ ያለ ውሃ ታንክ ውስጥ ሲቆይ ባክቴሪያ ያፈራል፤ 60 የሚመከረው ለዚህ ነው። መፍትሔው መውጫው ላይ ቴርሞስታት ያለው ሚክሰር መግጠም ነው። ሻወር ላይ እያላችሁ ኩሽና ውስጥ ቧንቧ ተከፍቶ ቀዝቃዛው ቢቀንስ፣ ሙቁን ራሱ ይቀንሰዋል።

ጥፋቱን ሁሉ ቧንቧ ሠራተኛው ላይ መጫን ቀላል ነው። ግን "ርካሹን ግጠምልኝ" የምንለውም እኛው ነን። ቢያንስ እነዚህን ጠይቁት፦

- ሴፍቲ ቫልቯ አለች? ማፍሰሻዋስ በቱቦ ወደ ወለል ፍሳሽ ተወስዷል?
- የሙቁ መስመር ፒፒአር ከሆነ ፒኤን 20 ወይም ከዚያ በላይ ይላል? ለቀዝቃዛ ብቻ የተሠራው በሙቀት ይለሰልሳል።
- በቫልቯና በቦይለሩ መካከል መዝጊያ አለ? መኖር የለበትም።

ሚክሰሩን መግዛት ካልቻላችሁ ሁሌም ቀዝቃዛውን አስቀድማችሁ ክፈቱ። ልጅ ከማጠባችሁ በፊት ውሃውን በክርናችሁ ሞክሩ።

ሰው ከተቃጠለ ወዲያው ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት እንጂ የጥርስ ሳሙና ወይም ቅቤ አትቀቡት። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ ወይም የተጎዳው ልጅ ከሆነ ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ፣ ቦይለር ያለበት ቤት አንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ሁሌም ተቀምጦ ይደር።