ውሻ ሰውን ሲነክስ

የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ስማር ከሁሉ ቀድሞ ደብተሬ ላይ የሰፈረው ሕግ «ውሻ ሰውን ቢነክስ ዜና አይደለም፤ ሰው ውሻን ቢነክስ ግን ዜና ነው» የሚል ነበር። የፈረንጅ አባባል ነው። እኛም ሸመደድነው፤ ተፈተንበት፤ አለፍንበት። እነሆ ዛሬ፣ አንባቢ ሆይ፣ ዓለም ከተማ ኪራይ ቤት ተቀምጬ፣ በጽሑፍ እያደርኩ፣ ይህን ሕግ ልከስ ተነሥቻለሁ።

አከራዬ አንድ ውሻ አላቸው፤ ስሙ ታዘባቸው ይባላል። የአገራችን ሰው ለውሻ ስም ሲያወጣ ውሻውን ለመጥራት ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ጆሮ የሚገባ መልእክት ነው። እኔ ሌሊት ስጽፍ ታዘባቸው ግቢ ይጠብቃል። ሁለታችንም ቋሚ ደመወዝ የለንም፤ እኔ የጽሑፍ ክፍያ፣ እሱ የተረፈ እንጀራ እንጠባበቃለን። የሥራ ባልደረባዬ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ስለ ስሙና ስለ ጩኸቱ እየቀለድኩ ብዙ ገጽ ሞልቻለሁ። ተከትቦ እንደሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

ባለፈው ክረምት ታዘባቸው የጎረቤታችንን ልጅ ባቱን ነከሰው። ሰፈሩ ድንጋይ ይዞ መጣ። አንዱ «ይገደል!» ይላል፤ ሌላዋ ሥር የሚምሱ አዋቂ ትጠቁማለች። አከራዬ ወደ እኔ ዞረው «አንተ የተማርከው፣ ምን እናድርግ ልጄ?» አሉኝ። የተማርኩት እኔ አፌ ተያዘ። ያዳኑን ጡረታ የወጡ አንድ ድሬሰር ናቸው። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ሩብ ሰዓት ሙሉ አሳጠቡ፤ ልጁ በዚያው ዕለት ክትባት እንዲጀምር ላኩ፤ ውሻውን ሳይገደል አሳስረው 10 ቀን እንዲታይ አደረጉ። ሲነክስ በምራቁ በሽታውን ያስተላልፍ የነበረ ውሻ 10 ቀን በጤና አይቆይምና።

እነዚያን ቀናት ሬዲዮ አልዘጋሁም። የጉባኤ መክፈቻ፣ የጉባኤ መዝጊያ፣ የውጭ አገር እግር ኳስ። በእኛ ግቢ ግን ዜናው አንድ ብቻ ነበር፤ «ታዘባቸው ዛሬ በላ? ውኃ ጠጣ?»

በላ፤ ጠጣ፤ በአሥረኛውም ቀን እንደ ልማዱ ጮኸ። ልጁም ደኅና ነው። እኔ ግን ከሕጉ ጋር ተጣላሁ።

ያ ሕግ ውሻው ሁሉ በተከተበበት አገር ያስኬድ ይሆናል፤ እዚያ ንክሻ ቁስል ነው። በእኛ አገር ግን ንክሻ ሞት ሊሆን ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይታይ በክትባት መከላከል እንደሚቻል ደግሞ ሉዊ ፓስተር ካሳየ እ.ኤ.አ. ከ1885 ወዲህ ዓለም ያውቃል። ታዲያ የሚታወቅ መከላከያ እያለ ሰው ሲሞት እንዴት ዜና አይሆንም?

«ሰው ሳይጠግብ ስለ ውሻ? ውሻ ምን አገባት ከእርሻ!» የምትሉኝን እሰማለሁ። ስሙኝ እንግዲህ። በሽታው በሰው ላይ ሲደርስ ከመቶ 99 ያህሉ ከውሻ የመጣ ነው፤ ከሚሞቱት ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ስለ ውሻ ማውራት ስለ ልጅ ማውራት ነው! በመርዝ እንጨርሳቸው የምትሉም ተሳስታችኋል። በሽታውን የሚገታው ከመቶ 70 ውሾችን መከተብ እንጂ መግደል አይደለም። ጉዳቱ ከሰውም ያልፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ተራሮች ላይ ይኸው የውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። የእኛው ጎረቤት መንዝ፣ ጓሳን ለዘመናት በሥርዓት ጠብቆ ያቆያቸውን ቀይ ቀበሮዎች ባልተከተበ ውሻ ሊያጣ ነው እንዴ?

የድሮ ደብተሬን አውጥቼ ያቺን መስመር ሰርዣታለሁ። ውሻ ሰውን ከነከሰ ዜና ነው። የማን ውሻ ነው? ተከትቧል ወይ? ክትባቱስ በወረዳው ይገኛል ወይ? ብሎ የማይጠይቅ ጋዜጠኛ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከሚጠብቀን ውሻ ያነሰ ዘበኛ ነው። እኔም እንዲያ ነበርኩ።

ታዘባቸውን አስከትበነዋል። የእናንተስ?