«እንደገዛሁት እሸጠዋለሁ»፦ ንጹህ ሊብሬ፣ የተደበቀ አደጋ እና የእኛ ዝምታ



መቀሌ፣ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመናል። ከመካከላችን አንዱ መንገደኛ ወደ ከተማ እያመላለሰ ሪዝቁን ሊፈልግ መኪና ሊገዛ ነው። ደላላው የቀጠረን እዚያው ነው። ሻጩ ሻንጣውን ይዞ፣ «ከሰዓት በረራ አለኝ፤ ከፈለጋችሁ አሁን እንዋዋል፣ ካልሆነ ሌላ ገዢ አለ» ይላል። መኪናዋ ነጭ ኮሮላ ናት። ቀለሟ ያብረቀርቃል። ሊብሬው በሻጩ ስም ነው፤ ቦሎው ታድሷል፤ የባንክ እገዳ የለባትም። ደላላውም የለመድነውን ዜማ ያወርዳል፦ «ንጹህ ናት! አክሲደንት አታውቅም! ዶክተር ነው የነዳት!»

ችኮላው እኛንም ይዞን ነበር። አንዱ ወንድማችን ግን ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን 17 ፊደልና ቁጥር በስልኩ ጻፈና ኢንተርኔት ላይ ፈለገ። ፎቶ መጣ። ያቺው መኪና አሜሪካ ውስጥ ለጨረታ ቀርባ፣ ኮፈኗ ተጨማድዶ፣ ሁለቱም ኤርባጎች ፈንድተው ተንጠልጥለዋል። ስልኩን ለሻጩ አሳየነው። አልካደም። «ታዲያ ምን ችግር አለው? ተጠግናለች። እኔም ሳላውቅ ነው የገዛኋት፤ እንደገዛሁት እሸጣታለሁ» አለን።

አልገዛንም። አልሐምዱሊላህ ብለን ወደ ከተማው ወረድን። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍን ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከጁምዓ ሰላት ስንወጣ፣ አብሮን የሚሰግድ ወንድም «ኑ መኪናዬን እዩልኝ» አለን። ያቺው ነጭ ኮሮላ ናት። የስምንት ዓመት ቁጠባውን ጨርሶ፣ የእናቱን ወርቅ አሽጦ ነው የገዛት። ፊቱ በደስታ በርቷል። እርስ በርስ ተያየን። ከአፋችን የወጣው ቃል «ማብሩክ» ነበር።

እውነቱን የነገርነው ከአራት ቀን በኋላ ነው። የሻጩ ስልክ ተዘግቷል፤ ደላላውም «እኔ አገናኘሁ እንጂ አልሸጥኩም» ብሏል። ወንድማችን ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «እንግዲያው እኔም እንደገዛኋት እሸጣታለሁ።»

ይህ ጽሑፍ በዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

ወረቀቱ የሚለውና የማይለው

በአሜሪካ እያንዳንዱ መኪና ግዛቱ የሚሰጠው የባለቤትነት ወረቀት አለው። መኪናው ክፉኛ ሲጋጭ ወይም በጎርፍ ሲጠልቅ ኢንሹራንሱ ያሰላል። የጥገናው ወጪ ከመኪናው ዋጋ የተወሰነ ድርሻ ካለፈ (ድርሻው ከግዛት ግዛት ይለያያል) ጠቅላላ ጉዳት ይባልና ወረቀቱ «ሳልቬጅ» ይሆናል። እንዲህ ያለ መኪና መንገድ ላይ አይነዳም። ተጠግኖ ምርመራ ካለፈ «ሪቢልት» የሚል ምልክት ያገኛል፤ ያ ምልክት አብሮት ይኖራል። ምልክት የሌለበት «ክሊን» ይባላል።

«ክሊን» ማለት ግን አደጋ አያውቅም ማለት አይደለም። ባለቤቱ ለኢንሹራንስ ሳያመለክት በራሱ ገንዘብ ጋራዥ ያስጠገነው መኪና ወረቀቱ ንጹህ እንደሆነ ይቀራል። ምልክቱን ለማጥፋት መኪናውን ወደ ሌላ ግዛት ወስዶ አዲስ ወረቀት ማውጣትም የታወቀ ማጭበርበር ነው። እዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ሕግ የባለቤትነት ወረቀቶችን በአገር ደረጃ የሚያገናኝ የመረጃ ሥርዓት እንዲቋቋም ያደረገው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ከእነዚህ የተጎዱ መኪኖች ብዙዎቹ በጨረታ ይሸጣሉ፤ የውጭ አገር ገዢም ይሳተፋል። አንዳንዱ በዱባይና በሻርጃ በኩል ያልፋል፤ ይቀጠቀጣል፣ ይቀባል። በጅቡቲ አድርጎ እኛ ዘንድ ሲደርስ የድሮው ወረቀት መንገድ ላይ ቀርቶ አዲስ ሊብሬ ይወጣለታል። ሊብሬው የባለቤቱን ስም፣ ሰሌዳውን፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን፣ የተሠራበትን ዘመን ይነግረናል። መኪናው የማን እንደሆነ ይነግረናል እንጂ ምን እንደደረሰበት አይነግረንም። «ሊብሬው ንጹህ ነው» ስንባል የሰማነው የባለቤትነት ክርክርና ዕዳ የለበትም የሚል ነው። ስለ መኪናው ጤና ምንም አልሰማንም።

ጣታችንን ወደ አሜሪካ ብቻ እንዳንቀስር፣ አገር ውስጥም ያው ነው። የእኛ ኢንሹራንሶች ለተገለበጠ መኪና ካሳ ከፍለው ስብርባሪውን ይረከቡና በጨረታ ይሸጡታል። በአደጋ የተጎዱ ተሽከርካሪዎች የጨረታ ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ያላየ የለም። በዚህ ነውር የለም። ያሸነፈው ሰው አስጠግኖ ሲሸጠው ግን ኢንሹራንሱ ያውቃል፣ ጋራዡ ያውቃል፣ ደላላው ያውቃል። የማያውቀው ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ብቻ ነው።

ፈተናው ደግሞ በርትቷል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ ያሉ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የነዳጅ መኪና ፈላጊው ብዙ፣ አዲስ ገቢው ጥቂት ሲሆን፣ ወደ ቁራጭ ብረት መሄድ የነበረበትን መኪና ቀጥቅጦ መሸጥ አትራፊ ሆነ።

መቀሌ ላይ ሲሆን ደግሞ ሕመሙ ይብሳል። በጦርነቱ ምክንያት ተቋርጦ የነበረው የመንገደኞች በረራ ወደዚህ ማረፊያ የተመለሰው ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ወጣት ኑሮውን ከዜሮ ጀመረ! የእንዲህ ያለውን ሰው ቁጠባ በስቱኮና በቀለም መብላት ምን ይባላል?

እርጥቡ እህል

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ ከእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ጣቶቻቸው እርጥበት እንዳገኙ ሙስሊም ዘግበውታል። ባለእህሉ ዝናብ እንዳገኘው ተናገረ። እሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያጭበረብር ከእሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ።

ልብ በሉ! እርጥብ እህል አትሽጥ አልተባለም። እርጥቡን ከላይ አድርገው ነው የተባለው። ጎርፍ የጠጣ መኪና ምንጣፉን አድርቆ፣ ሽቶ ረጭቶ መሸጥ ከዚያ ክምር በምን ይለያል?

ስለዚህ አደጋ ያገኘውን መኪና ጠግኖ መሸጥ ሐራም ነው አላልንም። በደንብ የተጠገነ መኪና በልኩ ዋጋ ለድሃ ወንድማችን ሐላል መፍትሔ ነው። ሐራሙ መደበቁ ነው። ለመደበቂያ የሚቀርቡትን ሰበቦች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ተጠግኗል እኮ» ይላሉ። ከተጠገነ ለምን አትናገርም? በብዙ መኪኖች ላይ የፈነዳ ኤርባግ በአዲስ አይተካም፤ ውድ ነውና። ክዳኑ ብቻ ተለጥፎ የዳሽቦርዱ መብራት እንዳያጋልጥ ይሸወዳል። የአምባላጌን ጠመዝማዛ ሚስትና ልጁን ጭኖ የሚወርደው ሰው ከፊቱ ያለው ባዶ ፕላስቲክ መሆኑን አያውቅም። ይህ ከገንዘብም ያለፈ የነፍስ ጉዳይ ነው።

«ገዢው ዓይኑን ከፍቶ ይግዛ» ይላሉ። ገዢው እንዳያይ ቀለም የቀባኸው አንተ አይደለህም ወይ? ውሉ ላይ «ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» ብሎ ማስፈረምም እያወቀ የደበቀን ሰው ከአላህ ፊት ተጠያቂነት አያድነውም።

«እኔም ተታልዬ ነው» ይላሉ። ይህ ልብ የሚነካው ሰበብ ነው፤ አደገኛውም እሱ ነው። የተበደለ ሰው መብቱን የሚጠይቀው የበደለውን ነው። ሸሪዐው ነውር ያገኘበትን ዕቃ የመመለስ መብት ሰጥቶታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ በሸጠው ዕቃ ላይ ላለ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያደርጋል፤ ነገር ግን ጉድለቱን እንዳወቁ ሳይውሉ ሳያድሩ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ቀጣዩ ገዢ ግን ምን በደለህ? እሱ ሳታውቀው በፊት ከአንተ ጋር በአንድ ሰፍ የቆመ ወንድምህ ሊሆን ይችላል። አንተ እኮ በዚህ መንገድ ነው የተገኘኸው!

ምን እናድርግ?

አውሮፕላን ማረፊያው የተሰየመው በራስ አሉላ እንግዳ ነው፤ «አባ ነጋ» የፈረስ ስማቸው ነው። በፈረስ ዘመን ገዢ የፈረሱን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ሳያይ ገንዘብ አይቆጥርም ነበር። ዛሬም የመኪናውን አፍ እንክፈት።

1. የሻንሲ ቁጥሩን ከመስታወቱ ሥር፣ ከሾፌር በር ጠርዝና ከሊብሬው አመሳክሩ፤ ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። በ1፣ በ4 ወይም በ5 የሚጀምር አሜሪካ፣ በ2 የሚጀምር ካናዳ የተሠራ ነው። ለጃፓን አገር ገበያ የተሠሩት እንደ ቪትዝ ያሉት ቁጥራቸው አጭር ነው፤ ለእነሱ የጃፓኑን የጨረታ ወረቀት ጠይቁ። ደረጃው «አር» ከሆነ አደጋ አግኝቶት የተጠገነ ነው።

2. ቁልፉ ሲከፈት የኤርባጉ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ ወይም ከሌላ መብራት ጋር እኩል ከጠፋ ጠርጥሩ።

3. የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት። ሥሩ ላይ ያለው የተሠራበት ዘመን ከመኪናው ዘመን ጋር ይስማማ።

4. ምንጣፉን ገልጣችሁ ጭቃ፣ የወንበር ብሎን ላይ ዝገት፣ ፋኖስ ውስጥ የውሃ መስመር ፈልጉ። በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ላሜራው ላይ አስጠጉ፤ ካልያዘ ሥሩ ስቱኮ ሊሆን ይችላል።

5. «በረራ አለኝ» ካላችሁ ሻጭ ጋር አትቸኩሉ። እሱ ይብረር፤ ገንዘባችሁ ግን አብሮት አይብረር።

6. ውሉ ላይ ይህን አስጽፉ፦ «ሻጭ መኪናው ከዚህ በፊት ከባድ አደጋ ወይም ጎርፍ እንዳላገኘው አረጋግጧል፤ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ገንዘቡን ይመልሳል።» አልፈርምም ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ይህ ሁሉ ግን የገዢ ጥንቃቄ ነው። ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃም፤ ሁሉም ሰው ስልክ ይዞ ፎቶ የሚፈልግ ጎረምሳ አጠገቡ የለውም። የብሔራዊ ባንክ የሚቆጣጠራቸው ኢንሹራንሶች ጠቅላላ ጉዳት ብለው ካሳ የከፈሉበትን መኪና የሻንሲ ቁጥር ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች ያስተላልፉ፤ ሊብሬው ላይም ይጻፍ። የባንክን እገዳ የሚመዘግብ ፋይል «ይህ መኪና ተገልብጦ ነበር» የሚለውን አንድ መስመር መያዝ አያቅተውም።

ከመንግሥት በፊት ግን ራሳችንን እንውቀስ። እኛ መኪናዋን አውቀን ነበር። ከማረፊያው በወረድንበት ቀን ለጀመዓችን ብንናገር፣ የዚያ ወንድም ቁጠባ ዛሬ በኪሱ ነበር። ራሳችንን አዳንንና ዝም አልን። የአገሬው ሰው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላል፤ እኛ እስኪጠራ ስንጠብቅ ሌላ ሰው ከፈለ።

ወንድማችን ሆይ! ይህን እንደምታነብ እናውቃለን። መኪናዋ አሁንም ማረፊያው በር ላይ መንገደኛ ትጠብቃለች። መሸጥ ከፈለግህ ፎቶውን አሳይተህ፣ ኤርባግ እንደሌላት ነግረህ፣ በልኳ ሽጣት። የሚጎድልብህን ገንዘብ በዚያ ቀን ማረፊያው ላይ የነበርን ሁሉ ከኪሳችን አዋጥተን እንካፈልሃለን፤ የዝምታችን ዋጋ ነውና። ሰንሰለቱ ግን አንተ ጋር ይበጠስ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ንግዳችንን በረካ ያድርግልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።