ጥፋቱ የዳገቱ ነውን?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የወገራዋ አምባ ጊዮርጊስ ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ደጋ አንድ አዛውንት ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ምክንያቱ አንድም ከፍታው፣ አንድም ዕድሜያቸው ነው ይባላል። በእኔ እምነት ሁለቱም መልሶች ምርመራን ስለሚያስቀሩ ጎጂዎች ናቸው።

ከፍታውን እናስቀድም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች በ3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች በደማቸው የሚገኘው የኦክስጅን መጠን በባሕር ጠለል ከሚኖሩት እምብዛም እንደማይለይ አሳይቷል። እንግዲያውስ ተወልደው ላደጉበት ሰዎች ደጋው ብቻውን በቂ ምክንያት አይሆንም።

ዕድሜን በተመለከተ ግን ጉዳዩ የሚለካ ነው። ከልብ የሚወጣው ዋናው ደም ቅዳ፣ አኦርታ፣ በወጣትነት ተለጣጭ ነው፤ ልብ ደም ሲረጭ ይሰፋል፣ ልብ ሲያርፍ ደግሞ እየጠበበ ደሙን ወደፊት ይገፋል። ልብ በቀን 100000 ጊዜ ያህል ስለሚመታ፣ በ60 ዓመት ውስጥ ከ2 ቢሊዮን ጊዜ በላይ የተለጠጠው ግድግዳ ክሮቹ ይሰባበራሉ፣ ይደርቃልም። በዚህን ጊዜ የላይኛው የደም ግፊት ቁጥር ይጨምራል፤ የታችኛው ይቀንሳል። የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ጫናውን ለመቋቋም ጡንቻው ይወፍራል።

ይህ ብርታት ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። የወፈረ ጡንቻ ብዙ ኦክስጅን ይሻል። ልብ ራሱ ደም የሚያገኘው ግን በአመዛኙ በሚያርፍበት ቅጽበት ሲሆን፣ የቀነሰውም የዚያው ቅጽበት ግፊት ነው። ከዚህም በላይ ወፍራሙ ግድግዳ በቀላሉ ስለማይላላ ደም በሳንባ ይጠራቀማል፤ ትንፋሽም ያጥራል።

«የታችኛው ቁጥር ደህና ነው» የሚለው ማጽናኛ ስለዚህ ለአረጋውያን አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1991 ውጤቱ የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ የላይኛው ቁጥር ብቻ ከፍ ያለባቸውን 4736 አረጋውያን ተከታትሎ፣ ሽንት በሚያበዛ ርካሽ መድኃኒት የሚጀመር ሕክምና ስትሮክን በ36 በመቶ፣ የልብ ድካምን ደግሞ በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። የወፈረውም ልብ ግፊቱ ሲቀንስ በከፊል ሊመለስ ይችላል።

ችግሩ ያልተለካ መታወቅ አለመቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ በጎንደር ከተማ ዕድሜያቸው 35 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ተጠኚዎች 28.3 በመቶው የደም ግፊት እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም ከሦስት አንዱ በላይ ይህን እንደማያውቁ አመልክቷል።

በመሆኑም ለዓይንም ሆነ ለጉልበት ሕመም ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣ አረጋዊ ሁሉ ግፊቱ ሳይለካ ሊመለስ አይገባም። ትንፋሽ የሚያጥረው ደግሞ ለልብ አልትራሳውንድ ወደ ሆስፒታል ሊላክ ይገባል። ተማሪዎችም ለአያቶቻችን «እርጅና ነው» ከማለታችን በፊት «የላይኛው ቁጥር ስንት ነው?» ብለን እንጠይቅ።