«አባወራው አለ?»

የእናቶች ዓምድ

ይፋግ ጥንት የታወቀ ገበያ ነበር። ነጋዴ ይመጣበት፣ ነጋዴ ይሄድበት ነበር። በኋላ ዘመን ደግሞ የሊቦ ከምከም ወንዶች ለቀን ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ሲወርዱ ኖረዋል። ሰሊጥ በነሐሴ ይታረማል። በመስከረምና በጥቅምት ይታጨዳል። ደርሶ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ ብዙ እጅ ይፈልጋል።

የሄደው ይታወቃል። የቀረችውስ?

ባል ቆላ በወረደ ጊዜ አንድ ሰው ከደጅ ቆሞ ይጣራል።

«ቤቶች! አባወራው አለ?»

«የለም፤ ሁመራ ወርዷል።»

«እንግዲያው ሲመለስ እመጣለሁ።»

ሰውየው ይሄዳል። ቤቱ ውስጥ ሰው እንደሌለ ሆነ ማለት ነው።

ነገር ግን ሰው አለ። ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም በሚባልበት አገር፣ ለማሳው የእኩል አራሽ የምትፈልግ እሷ ናት። እህሉን የምታሳርም፣ ከብቱን የምታስጠብቅ፣ እድር የምትከፍል፣ ልጅ ሲታመም ተበድራ የምታሳክም እሷ ናት።

በ1997 ዓ.ም. በወረዳው ካላአዛር የሚባል በሽታ ሲነሣ መጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር። ትኩሳት ሁለት ሳምንት ካለፈና ጣፊያ ካበጠ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ከቆላ የተመለሰ ባል ሲያተኩሰው ይህን አስተውላ «ተነሥ፣ እንሂድ» የምትልም እሷው ናት።

ባል ከተመለሰ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ ይለወጣል። ስንት ወር ቤት ያስተዳደረች ሴት እንደገና «የእገሌ ሚስት» ብቻ ትሆናለች። ራሷም «እኔ ምን አውቃለሁ» ትላለች። ታውቃለች እንጂ! ገንዘቡን ያመጣ እሱ ነው። ቤቱን ያቆየች እሷ ናት። ሁለቱም ሠርተዋል።

በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ ቆይቷል። የባልና የሚስት የጋራ መሬት በሁለቱም ስም ይጻፋል። እህታችን፣ ደብተሩን አውጪ። ስምሽን ፈልጊ። ፊደል ለይተሻልና ራስሽ አንብቢው። የሚፈረም ወረቀት ሲመጣም፣ አስነብበሽ ሳይሆን አንብበሽ፣ በጣትሽ ሳይሆን በስምሽ ፈርሚ።

ከእንግዲህ ደጅ ቆሞ «አባወራው አለ?» የሚል ቢመጣ፣ «እኔ አለሁ፤ ይግቡና ጉዳዩን ይንገሩኝ» በዪ።

እንወያይ

1. ባል ቆላ ሲወርድ በቤታችሁ ማን ምን ይወስናል?
2. ሲመለስስ ሁለቱ እንዴት ቢመካከሩ ይሻላል?