መንገድም ተራ አለው

ማለዳ በመርካቶ፣ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና በአንዋር መስጊድ አካባቢ የቆመ ሰው አስፋልቱ ራሱ አይታየውም። ጫኝና አውራጆች ከአይሱዙ ላይ ጆንያ ያወርዳሉ። ተሸካሚው ከቁመቱ የሚበልጥ ሸክም አዝሎ «ዞር በሉ!» እያለ ያልፋል። የእጅ ጋሪ የሚገፋው ጎረምሳ፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት መሬት ላይ የደረደረችው እናት፣ ከሚኒባስ በር ተንጠልጥሎ የሚጣራው ረዳት፣ ሁሉም እንጀራቸው እዚያው መንገድ ላይ ነው። ስለ ሞተር ስፖርት የምጽፈውም እዚህ መንገድ ዳር ቆሜ ነው።

በሞተር ስፖርት ወዳጆች ዘንድ የሚወደድ አንድ ሐሳብ አለ። አዲስ አበባ መንገዶቿን አስፍታለች፤ ስለዚህ እንደ ሞናኮ ለአንድ ሁለት ቀን ጎዳና ተዘግቶ የመኪና ውድድር ቢካሄድ ከተማዋ ትታወቃለች፣ እንግዳ ይመጣል፣ ሌሊት በየጎዳናው የሚፈተለኩ ወጣቶችም ሕጋዊ መወዳደሪያ ያገኛሉ ይላሉ። የመጨረሻው ክርክር ክብደት ስላለው ኋላ እመለስበታለሁ። ሐሳቡ የቆመበት መሠረት ግን ስሕተት ነው። የተዘጋ መንገድ ባዶ መንገድ ነው ብሎ ያምናልና።

የተዘጋ መንገድ ባዶ አለመሆኑን ዓለም በደም ተምሮታል። በ1955 እ.ኤ.አ. በከፊል የሕዝብ መንገድ በሆነው በፈረንሳዩ የሌ ማን ውድድር አንድ መኪና ተሰባብሮ ወደ ተመልካች ተወርውሮ ከ80 በላይ ሰው ገደለ። ስዊዘርላንድም ከዚያ በኋላ በአገሯ በዙር መወዳደሪያ ላይ የሚደረግ የመኪና ሽቅድምድምን ከለከለች። ከሁለት ዓመት በኋላ በጣሊያኑ ሚሌ ሚሊያ ውድድር የአንድ ፌራሪ ጎማ ፈንድቶ ሁለቱ ተሳፋሪዎቹና መንገድ ዳር የቆሙ 9 ተመልካቾች ሞቱ፤ ከተመልካቾቹ አምስቱ ሕፃናት ነበሩ። በማን ደሴት ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕዝብ መንገድ ላይ የሚካሄደው የሞተር ብስክሌት ውድድር ዛሬም ተወዳዳሪ ይቀብራል። እነዚህ አገሮች ገንዘቡም፣ ሐኪሙም፣ ልምዱም ነበራቸው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ጎዳና ለውድድር የመዝጋት ታሪክ ሌላ ጠባሳ አለበት። በ1938 እ.ኤ.አ. የፋሺስት አስተዳደር በአስመራ ጎዳናዎች ላይ «የገና ዋንጫ» የተባለ የመኪና ውድድር አካሂዷል። በዚያው የወረራ ዘመን ያው አስተዳደር አዲስ አበባን በቀለም ከፋፍሎ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረውን ገበያ ከመሀል ከተማ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ገፋው። ስሙንም «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ የአገሬው ሰው ገበያ አለው። እንግዲህ አንዱ ጎዳና ለባለ መኪናው ተድላ ሲዘጋ ሌላው ጎዳና ባለአገሩ እንዲገለል ተከለለ። መርካቶ ግን የተገፋበትን ቦታ የአገሪቱ ትልቁ ገበያ አደረገው። ይህን ያደረገው መንገዱን ይዞ ነው።

መርካቶ የተሠራው በተራ ነው፦ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ አውቶብስ ተራ። ቃሉ የዕቃ መደዳም፣ የሰው ወረፋም ነው። ከአንዱ ተራ ወደ ሌላው የሚወስደው መንገድ ለአንድ ቀን ሲቆም የዕለት ገቢ ያለው ተሸካሚ የዚያን ቀን ምሳ ያጣል፤ ባለሱቁ ሸቀጡ ነገም ይሸጥለታል። መንገድ መዘጋት ከሁሉ አስቀድሞ የሚመታው ቁጠባ የሌለውን ሰው ነው። ከዚህም የከፋ አለ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ በእሳት ሲያያዝ የአካባቢው መጨናነቅና የመንገዱ ጥበት ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ትልቅ ፈተና ሆኖባቸው ነበር። መንገዱ ክፍት ሳለ እንኳ ለማለፍ የተቸገረ የእሳት አደጋ መኪና አጥርና ተመልካች ሲጨመርበት በየት ያልፋል?

ወደ ወጣቶቹ ክርክር ልመለስ። ሜዳ ያጣ ፍጥነት መንገድ ላይ ይወጣል የሚሉት እውነት ነው። ነገር ግን በእኛ መንገድ ላይ የሚገድለውን ሽቅድምድም በአብዛኛው የወለደው ኑሮ ነው። የሚኒባሱ ሾፌር ለባለንብረቱ የተቆረጠ የቀን ገቢ ያስገባል፤ የእሱና የረዳቱ ድርሻ ከዚያ በላይ የተረፈው ነው። ስለዚህ ለአንድ ተሳፋሪ ከሌላው ሚኒባስ ጋር ይሻማል። ጫት ጫኙ አይሱዙ ቅጠሉ ጠውልጎ ዋጋው ሳይወድቅ ለመድረስ ይበራል፤ ሕዝቡም «አልቃይዳ» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ለእነዚህ ሰዎች በዓመት አንድ ቀን የሚዘጋ ጎዳና መፍትሔ አይሆንም። ይልቁንም ከተማዋ ፍጥነትን ዋንጫ ሸልማ ስታጨበጭብለት የቀረውን 364 ቀን ምን ብላ ትቀጣዋለች? በትራፊክ አደጋ ከሚሞተው የአዲስ አበባ ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል ያገሬ ሰው፤ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ነፍስ ግን አይለቀምም።

መንገድ ፈጽሞ አይዘጋ አልልም። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ታላቁ ሩጫ በየዓመቱ መንገድ ዘግቶ 10 ኪሎ ሜትር ያስሮጠናል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ጎዳናን ለልጆችና ለብስክሌት ለቅቋል። በእነዚህ ጊዜ ከመንገድ የሚወጣው መኪናው ነው፤ ሕፃንም አዛውንትም ይገባል። በሞተር ውድድር ጊዜ ግን የሚወጣው ሕዝቡ ነው። ኬንያውያን እንኳ ድሮ ለተራ ትራፊክ ክፍት በሆነ መንገድ ላይ ይካሄድ የነበረው ሳፋሪ ራሊ በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ ዓለም ሻምፒዮና ሲመለስ አብዛኛውን ክፍል ያደረጉት ከናይሮቢ ርቆ፣ በናይቫሻ ዙሪያ ነው።

ይህ አገር በተዘጋ ጎዳና ላይ ያገኘው ትልቁ ክብር በእግር የመጣ ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ያንን እግር ያስቆመው መኪና ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ሌሊት ሲነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገልብጣ ዳግም መራመድ አልቻለም፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ሲያርፍ 41 ዓመቱ ነበር። አደጋው የደረሰው በውድድር ላይ አልነበረም። ለአንድ ሰው ሕይወት ተራ ጉዞ እንኳ ይህን ያህል አስጊ ከሆነ፣ ፍጥነትን ወደ ገበያ መሀል መጋበዝ ኃጢአት ነው እላለሁ።

የሞተር ስፖርት ወዳጆች ሆይ፣ ፍቅራችሁን አልነካም። ከከተማ ውጭ አጥር ያለው፣ አምቡላንስ የቆመበት፣ ማንም ከእንጀራው የማይነሣበት መወዳደሪያ ጠይቁ፤ ከእናንተ ጋር ሆኜ እጠይቃለሁ። የከተማዋ ሹማምንትም ለውድድር መንገድ ከመዝጋታችሁ በፊት ማለዳ መርካቶ ወርዳችሁ ተሸካሚውን ጠይቁት። መንገዱ የባለተራው ነው።