«ቆላ ስትወርድ ንፋስ ቀንስ» የሚለው ምክር ይቅር

ከቦሌ ቡልቡላ በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ አዳማው ፈጣን መንገድ ልገባ ስል ጎሚስታ ቤት ቆምኩ። ልጁ የንፋሱን ቱቦ እየጎተተ «ጋሼ፣ እስከ የት ነዎት?» አለኝ። አዋሽ መሆኔን ነገርኩት። «እንግዲያው ትንሽ ላስተንፍስልዎት፤ ቆላ ላይ ሞቆ ይፈነዳል» አለ። በቅንነት ነው ያለው። የጅቡቲን መስመር የለመዱ የተሳቢ ሹፌሮችም ይህንኑ ሲሉ ሰምቻለሁ። ምክሩ ግን ስህተት ነው፤ ሰው የሚገድል ስህተት።

ንፋስ ያነሰው ጎማ መሬት ላይ ይተኛል። በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ሽቦ ደጋግመው ሲያጥፉት እንደሚግል ሁሉ ጎማውም ከውስጡ ይግላል፤ ላስቲኩ በውስጡ ካለው ሽቦ መላቀቅ ይጀምራል። ከተማ ውስጥ በዝግታ ስንነዳ ላይታወቅ ይችላል። በፈጣን መንገድ፣ ቤተሰብና ሻንጣ ተጭኖ፣ ሰዓታት ሲነዳ ግን ሊፈነዳ ይችላል። ባለመኪናውም «ሙቀቱ አፈነዳው» ብሎ በሚቀጥለው ጉዞ የባሰ ያስተነፍሳል። ስህተቱ ራሱን ማስረጃ እያደረገ የኖረው እንዲህ ነው።

ሙቀት ንፋስን እንደሚጨምር አልክድም። 32 ፒኤስአይ የተነፋ የቤት መኪና ጎማ አየሩ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ወደ 2 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። የሚረሳው ሌላው ነገር ከፍታው ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዋሽ ወደ 1,000 ሜትር ትጠጋለች። ወደ ታች ስንወርድ የውጭው አየር ይከብዳል፣ ጎማውንም ከውጭ ይጫነዋል። በዚህ ብቻ መለኪያው 2 ፒኤስአይ ያህል ዝቅ ይላል። ሙቀቱ የጨመረውን ቁልቁለቱ ወሰደው ማለት ነው። ታዲያ ልጁ የሚያስተነፍሰው ከምኑ ላይ ነው? በጉዞ ላይ ጎማው ግሎ የሚጨምረውን ደግሞ አምራቹ አስቀድሞ አስቦበታል፤ እሱ ያወጣው የንፋስ ልክ የተወሰነው ለቀዝቃዛ ጎማ ነው።

የተሳቢ ጎማ ከፍ ያለ ንፋስ ስለሚይዝ በሙቀት የሚጨምረውም ይበልጣል። ነገር ግን ጭነቱ አልቀነሰም፤ ያንን ጭነት የሚሸከመው ንፋሱ ነው። የተሳቢ ጎማ ሲተነፍስ ደግሞ ሹፌሩ መሪው ላይ አይሰማውም። ከጥንዶቹ ጎማዎች የውስጠኛው ቢተነፍስ በዓይንም በእርግጫም አይለይም፤ የውጨኛው ብቻውን የሁለቱን ሸክም ተሸክሞ ይሄዳል።

ቡልቡላ ውስጥ «ለኮብልስቶኑ እንዲለሰልስ» ብለው የሚያስቀንሱም አሉ። የባሰው ግን ለሁሉም መኪና አንድ ቁጥር መንፋት ነው። አንድ ቶን ገደማ የሚመዝነው ቪትዝና ሁለት ቶን የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መኪና አይዲ ፎር በአንድ ልክ ይነፋሉ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር የሚከተሉም ተሳስተዋል፤ እሱ ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው። የመኪናው ልክ የሹፌሩ በር ሲከፈት ቋሚው ላይ ተለጥፏል። ከጃፓን በመጡት ላይ በኪሎ ፓስካል ይጻፋል፤ 220 ኪሎ ፓስካል 32 ፒኤስአይ ነው።

ልጁን በሩን ከፍቼ ወረቀቱን አሳየሁት፤ በዚያው ልክ ነፋልኝ። እናንተም ቁጥራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጠዋት፣ መኪናው ብዙ ሳይነዳ አስለኩ። «ቆላ ነው» ብሎ ሊያስተነፍስ የሚያጎነብሰውን ሁሉ «ተው» በሉት።