ጋይገር በአክስቴ ሳሎን

ባለፈው ለጥምቀት ሐይቅ ስሄድ ሻንጣዬ ውስጥ ለአክስቴ ከያዝኩት ቡናና ስኳር ጋር አንድ እንግዳ ዕቃ ነበር። ከውጭ የመጣ ጓደኛዬ ያዋሰኝ፣ ሞባይል የምታክል የጨረር መለኪያ። ጋይገር ካውንተር ይሉታል።

አሠራሩ አይከብድም። ውስጡ ጋዝ ያለበት ትንሽ ቱቦ አለ። ጨረር ቱቦውን አቋርጦ ሲያልፍ ጋዙ ለቅጽበት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ መሣሪያውም “ጠቅ” ይላል። ጀርመናዊው ሐንስ ጋይገር ሐሳቡን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። በ1928 ከተማሪው ከሙለር ጋር አሻሽሎት ዛሬ የምናውቀው ሆነ።

እኔም ሳሎን ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። ጠቅ… ጠቅ ጠቅ… ጠቅ። አክስቴ የቡናውን ጀበና እንደያዙ ቆሙ።

“ምነው ልጄ፣ ቤቴ ምን አለበት?”

“ምንም የለበትም እትዬ።”

“ምንም ከሌለበት ታዲያ ምን ያስጮኸዋል?”

ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! እስቲ እንመልሰው።

ጨረር የሌለበት ቤት በዓለም ላይ የለም። ከመሬቱ ይመጣል፣ ከግድግዳው ድንጋይ ይመጣል፣ ከሰማይ ይወርዳል። ከምንበላው ሙዝና ድንች፣ ከራሳችን ሥጋም ይወጣል፤ ሁላችንም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ጥቂቱ ጨረር ይረጫል። የሐይቅና የአምባሰል አገር ደግሞ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ የፈሰሰ ባዛልት። ባዛልት በጨረር በኩል ጨዋ ድንጋይ ነው። አዲስ አበባ ላይ በኩራት ኩሽናችሁ ውስጥ የምታስነጥፉት ግራናይት አብዛኛውን ጊዜ ይበልጠዋል። ከሐይቅ ተነስታችሁ የአምባሰልን ተራራ ስትወጡ (አምባሰል ቅኝት ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ተራራም ነው) ከሰማይ የሚወርደው ትንሽ ይጨምራል። አውሮፕላን ውስጥ ከደመና በላይ ስትሆኑማ መሬት ላይ ካለው ከአሥር እጥፍ በላይ ይሆናል።

የአክስቴ ሳሎን በሰዓት ከ0.1 ማይክሮሲቨርት አካባቢ አልራቀም። በዓመት ብታባዙት 0.9 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። አንድ ሰው ከተፈጥሮ በዓመት የሚያገኘው የዓለም አማካይ፣ በምግብና በትንፋሽ የሚገባው ተጨምሮ፣ 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። ስለዚህ አክስቴ ቡናቸውን በሰላም ይጠጡ።

የእኔ ክርክር የሚጀምረው ግን እዚህ ላይ ነው። ይህ መሣሪያ የሚጮኸው በማያሰጋን ነገር ላይ ነው። በሚያሰጋን ላይ ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል።

አንደኛ፣ ሬዶን። ከመሬት የሚወጣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው። ከላይ ካልኩት 2.4 ግማሽ ያህሉ የእሱ ድርሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሲጋራ ቀጥሎ ከሚጠቀሱ የሳንባ ካንሰር መንስኤዎች ዋነኛው እንደሆነ ይናገራል። የእጅ ጋይገር ግን ስለ ሬዶን በቅጡ የሚነግራችሁ የለም። እሱን ለመለካት ለወራት ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል። የጥቁር ድንጋይ አገር መሆን ይረዳ ይሆናል እንጂ ዋስትና አይደለም፤ ወለሉ መሰንጠቁና መስኮቱ ቀን ከሌት መዘጋቱም ለውጥ ያመጣል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ መስኮት መክፈት። ያው መስኮት የማድ ቤቱን ጭስም ያስወጣል።

ሁለተኛ፣ ራጅ። በዚያው ሰሞን የአክስቴ ልጅ ትንሹ ልጇ ወድቆ እጁ ተሰበረና ወደ አንድ ክሊኒክ ይዘነው ሄድን። ስሙ ይቅርብኝ። ራጅ ክፍሉ በሩ አልተዘጋም። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው አግዳሚ ወንበሩን በሩ አፍ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እናትየው ልጁን እንድትይዝ ተነገራት፣ ያዘችው። የእርሳስ ሽርጡ ከኋላዋ ግድግዳው ላይ በምስማር ተንጠልጥሎ ያያል። እኔ በሩ ላይ መሣሪያዬን ከፍቼ ቆሜያለሁ። ምን አለ? ከወትሮው የተለየ ምንም። የራጅ ብልጭታ ከሰከንድ ያነሰ ነው፤ እንዲህ ያለ የኪስ ጋይገር ሊያመልጠው ይችላል።

እውነቱን እናውራ። የአንድ እጅ ራጅ ጨረሩ እጅግ ትንሽ ነው፤ ሐኪም ሲያዝ እምቢ አትበሉ። ግን ያ በር በቀን ስንት ጊዜ ክፍት ሆኖ ይነሳል? እዚያ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው ልጅስ? ሲቲ ስካን ሲሆን ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ የደረት ሲቲ ስካን ብቻውን ወደ 7 ሚሊሲቨርት ይጠጋል፣ የሦስት ዓመት የተፈጥሮ ድርሻ ማለት ነው። በአገራችን የጨረር መሣሪያ ያለ ፈቃድ አይሠራበትም፤ ለዚህም አዋጅ ቁጥር 1025/2009 አለ። ሕጉ አለ። የጎደለው “እባክህ በሩን ዝጋው፣ ሽርጡን ስጠኝ” የሚል አፍ ነው። ያን ቀን እኔም መሣሪያ ይዤ አፍ አልነበረኝም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሦስተኛ፣ የሰፈሩ ልጆች “ኧረ የኔትወርክ ማማው ሥር ውሰደው!” አሉኝ። ወሰድኩት። እዚያም የተለየ ነገር የለም። የማማው ሞገድ ከዚህ ጨረር ዓይነቱ የተለየ ስለሆነ ጋይገር ጭራሽ አያየውም። በዝምታው ማማው ነጻ ወጣ የሚልም፣ መሣሪያው ተበላሸ የሚልም ሁለቱም ተሳስተዋል።

ታዲያ ይሄ ዕቃ የት ይጠቅማል? ቆራሌው ጋ!

አትሳቁ። በ2014ቱ ጦርነት በደቡብ ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። አንድ ጎረቤት “የተሰባበረው የራጅ ማሽን ጨረር ይረጫል ወይ?” ብለው ጠየቁኝ። አይረጭም። ኤሌክትሪክ የሌለው ራጅ እንደጠፋ አምፖል ነው። ለካንሰር ሕክምናና ለፋብሪካ መለኪያ የሚያገለግሉ አንዳንድ መሣሪያዎች ግን ውስጣቸው የማይጠፋ የጨረር ምንጭ አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚሏ ጎያኒያ ሁለት ሰዎች ከተተወ የሕክምና ተቋም እንዲህ ያለውን ፈትተው ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡት። ውስጡ በጨለማ ሰማያዊ የሚያበራ ዱቄት ነበር። ዘመድ አዝማድ ተከፋፈለው። 4 ሰዎች ሞቱ፣ 249 ሰዎች ላይ ብክለት ተገኘ። በታይዋን ደግሞ ኮባልት 60 የነካው ቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ ፌሮ ሆነ፤ ፌሮው ከመቶ በላይ ሕንፃዎች ውስጥ ገባ። ነገሩ የታወቀው ሰው ለዓመታት ከኖረበት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ያኔ አንድ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ጋይገር ቢከፍት ኖሮ በእርግጥም ያስጮኸው ነበር።

የእኛም ቆራሌ የሰበሰበው ብረት ማቅለጫ ገብቶ ፌሮ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ ዲያስፖራ ዘመድ ያላችሁ፣ ለሳሎናችሁ ጋይገር አታስመጡ። መለኪያው የሚያስፈልገው የብረት ማቅለጫው በር ላይ ነው፤ ይህንንም ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መጠየቅ አለብን። አንድ የሚተርፍ ካለ ደግሞ ለትምህርት ቤት ፊዚክስ ክፍል ይሰጥ። ሐይቅ ላይ ጥቁር ድንጋዩን፣ አምባሰል ላይ ከፍታውን የለካ ተማሪ በወሬ አይሸበርም። ሲያድግም ራጅ ክፍል በር ላይ እንደኔ ዝም አይልም።

አክስቴን ተሰናብቼ ስወጣ የሳሎኑ መስኮት ተከፍቷል። “ያ ዕቃህ ካልጠቀመኝ ይሄው ምክርህ ይጠቅመኛል” አሉኝ።